አብሮ መሮጥ ለጅማ

አንደኛ አቅራቢ፦ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ቀዛፊዎችን ፈትነው ነበር። ድካሙ እኩል ሆኖ ሳለ፣ አብረው የቀዘፉ ጊዜ ሕመምን የመቻል አቅማቸው ብቻቸውን ከሠሩበት ጊዜ በልጦ ተገኘ። የአገራችን ሯጮች ይህን በተግባር ያውቁታል፤ ከኋላ ያለው እርምጃውን ከፊተኛው እግር ጋር ያስማማል፣ መሪነቱም በየተራ ነው። ዝናብ በሚበዛበት ጅማ ደግሞ ማልዶ ከአልጋ የሚያስነሳው ከራስ ፈቃድ ይልቅ የባልንጀራ ቀጠሮ ይመስለኛል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ልክ ነሽ፤ ግን በአጋሮና በሊሙ ቡና ሲለቅም ለዋለ ሰው ስፖርት ምኑ ነው የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ለለቃሚው ዕረፍት ይቀድማል። እኛ የምንለው በሱቅ፣ በቢሮና በባጃጅ ተቀምጦ ለሚውለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በቀን 30 ደቂቃ ለአምስት ቀን ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ጉልበት የሌለው ወደ ኋላ ቀርቶ ያፍራል የሚለው ስጋት ግን ቀላል አይደለም። ይህ የሚሆነው ቡድኑ እሽቅድምድም ሲያደርገው ነው። ፍጥነቱን ደካማው ይወስን፤ ጠንካራው ተመልሶ ይቀበለው። በደቦ እርሻ የሚያርስ ሕዝብ ይህ አይከብደውም።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ ዛሬውኑ ለሁለት ጎረቤቶቻችሁ ደውሉና ለነገ ጠዋት ተቀጣጠሩ።