አረጋውያንን ከስጦታ ካርድ አጭበርባሪዎች ስለ መጠበቅ



በዛሬው ንግግሬ ላስታውሳችሁ የፈለግሁት፥ በአሜሪካ አገር በተለይ አረጋውያንን ስለሚያጠቃው የስጦታ ካርድ ማጭበርበር ነው። የሩቅ አገር ነገር ነው ተብሎ ቸል የሚባል አይደለም። ልጆቻቸውን ተከትለው ሄደው በዋሽንግተን ዙሪያ፥ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ እናቶቻችንና አባቶቻችን ብዙ ናቸው። ልጆቹ ሥራ ሲውሉ፥ እነርሱ ከስልክ ጋራ ብቻቸውን ይውላሉ።

የስጦታ ካርድ ማለት ከሱቅ በገንዘብ ተገዝቶ ለልደት ወይም ለበዓል ለወዳጅ የሚበረከት ካርድ ነው። በጀርባው ያለውን ምስጢራዊ ቁጥር ያወቀ ሁሉ፥ ካርዱን በእጁ ሳይዝ ገንዘቡን ሊጠቀምበት ይችላል። አጭበርባሪውም የሚሻው ይኸንኑ ቁጥር ነው። «የግብር መሥሪያ ቤት ሹም ነኝ፤ ዛሬ ካልከፈሉ ይታሰራሉ» ይላል። ወይም «የልጅ ልጅዎ ታስሯል» ብሎ ያስደነግጣል። ቀጥሎም ካርድ ገዝተው ቁጥሩን እንዲያነቡለት፥ ለማንም እንዳይናገሩ ያዛል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. በመጀመሪያዎቹ 9 ወራት ብቻ፥ በየዕድሜው ያሉ ወደ 40,000 የሚጠጉ ሰዎች 148 ሚሊዮን ዶላር በዚህ መንገድ እንደ ጠፋባቸው ለአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አመልክተዋል። የሜሪላንድ ግዛትም በ2024 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፥ ካርዶች በማይነካካ ማሸጊያ እንዲሸጡና የሱቅ ሠራተኞች ስለ ማጭበርበሩ እንዲሠለጥኑ ደንግጓል።

ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን አይበቃም። ወላጆቻችን የሚታለሉት ሞኞች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንግሥትን ትእዛዝ አክብረው በመኖራቸው ነው። ሌባው የሚሰርቀው በዚሁ ጨዋነታቸው ገብቶ ነው። እናንተ በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ ግን፥ መንግሥት ገንዘብ የሚቀበለው በደንብና በደረሰኝ እንጂ በስልክ በተነበበ የካርድ ቁጥር እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ይኸንን ማስረዳት የእናንተ ፈንታ ነው።

ስለዚህ ወደዚያ ስትደውሉ፥ ከሰላምታው ቀጥላችሁ ይኸን አንድ ቃል አስጠኗቸው፤ «ዕዳህን በስጦታ ካርድ ክፈል የሚል ሁሉ ሌባ ነው።» የሚያስፈራ ስልክ በመጣ ጊዜም ወዲያው ዘግተው፥ በሚያውቁት ቁጥር ለልጃቸው እንዲደውሉ ተስማሙ። ነገሩ ተፈጽሞ ከተገኘም ካርዱንና ደረሰኙን አስቀምጦ፥ ሳይውል ሳያድር ለካርዱ ኩባንያ ማመልከት ይገባል፤ ያልወጣ ገንዘብ ቢኖር ሊታገድ ይችላልና።

ከሁሉም በላይ፥ የተታለለውን ሽማግሌ አትቆጡት። ዛሬ የተቆጣችሁት አባት ነገ ቢታለል ይደብቃችኋል፤ ሌባውም ከእርሱ ዘንድ የሚፈልገው ይኸንኑ ዝምታ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ምክሩ ዛሬውኑ ይነገር።