ተምች ለምን መልኩን ይለውጣል?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ተምች መልክ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስተን በአንኮበር በኩል ወደ ቆላው ስንወርድ ገብሱ ያልቅና ጤፍና ማሽላ ይጀምራል። ተምች ከእነዚህ አንዱንም አይምርም። ባቄላና አተርን ግን ብዙውን ጊዜ አይነካም፤ ምግቡ ሣርና የሣር ዘመድ የሆነ እህል ነውና።

«ተምች ከዝናብ ጋር ከሰማይ ይወርዳል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እንዲህ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ጥቁሩ ትል በድንገት ማሳውን ሞልቶ ይገኛልና። ነገር ግን ትሉ ከሰማይ አልወረደም፤ እዚያው ተፈለፈለ እንጂ። በሰማይ የምትመጣው እናቱ ናት። እሷም ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለባት፣ ማታ ማታ የምትበር የእሳት ራት ናት። በነፋስ እየተገፋች በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ትጓዛለች። ዝናብ ከጣለበት ታርፍና በቅጠል ላይ እንቁላሏን ትጥላለች።

ለመሆኑ ጥቁሩ ትል ሲፈለፈልም ጥቁር ነው? አይደለም። መጀመሪያ በጣም ትንሽ ነው፤ ቅጠል ሲበላ አረንጓዴ ይሆናል። ቁጥሩ ጥቂት ከሆነ ካደገም በኋላ አረንጓዴ ወይም ቡናማ እንደሆነ ከሣሩ ሥር ተደብቆ ይኖራል። ቁጥሩ ሲበዛና እርስ በርሱ ሲነካካ ግን ጀርባው ይጠቁራል፤ በጎኑም ነጣ ያሉ መስመሮች ይታዩበታል። ያን ጊዜ መደበቁን ትቶ በቀን ይበላል። ጥቁረቱም የፀሐይን ሙቀት ስለሚስብለት ቶሎ ያድጋል። ፋውሬ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪ ይህን የመልክ ለውጥ አጥንቶ በ1943 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። የአንድ እናት ልጆች ለየብቻ ሲያድጉ አረንጓዴ፣ ተጨናንቀው ሲያድጉ ጥቁር ይሆናሉ።

እንግዲህ አረንጓዴውና ጥቁሩ ሁለት ዘር አይደሉም። ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። «ይሄማ አረንጓዴ ነው፣ ተምች አይደለም» ብሎ የተወ ገበሬ ጥቁሩን ሲያይ ጊዜው አልፎበታል። ትሉ በዕድሜው ከሚበላው አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ነውና። ከዚያም አፈር ውስጥ ይገባል፤ ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ ራት ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ ዝናብ በጣለ በሳምንቱ ማሳችሁን ዙሩ። ቅጠሉን ገልብጡ፤ የሣሩን ሥር ግለጡ። ትናንሽ ትሎች ካያችሁ መልካቸው አያታላችሁ። ጎረቤት ጥሩ፤ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያም በዚያው ቀን ንገሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!