የጨው ወጪያችንን እንቁጠር
(ኦሞራቴ በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንዳንድ አባሎቻችን አንድ ጥያቄ አንስተው ነበር። «ጤና ጣቢያ ሄደን ግፊት አለባችሁ፣ ጨው ቀንሱ ተባልን። ከስንት ላይ ነው የምንቀንሰው? እስከ ዛሬ ስንት እንደበላን ማን ያውቃል?» የሚል። ጥያቄው የጤና ቢመስልም ግማሹ የሂሳብ ነው፤ ለዚህም ነው ለሂሳብ ክፍል የተሰጠው። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ መድኃኒት አናዝም። መቁጠር ግን ሥራችን ነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ጨው ውሃ ይይዛል። ጨው ስናበዛ ይጠማናል፣ እንጠጣለን፤ ኩላሊታችን ትርፉን ጨው አጣርቶ እስኪያስወጣ ድረስ ውሃው አብሮት በሰውነታችን ይቆያል። የደሙ መጠን ሲጨምር በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊትም ይጨምራል። ይህ በየቀኑ ለዓመታት ሲደጋገም ሥሮቹ ይደድራሉ፣ ልብ ይደክማል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። የሚያስፈራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሕመም አለማሳየቱ ነው። ራሷን እስኪያማት የምትጠብቅ ሴት አንድ ቀን ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏት ልትነቃ ትችላለች። በተለያየ ቀን ተለክቶ ከ140 በ90 የማይወርድ ከሆነ ከፍተኛ ነው ይባላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል። ይህ ለጥ ብሎ የተሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ ለልጆች ከዚያም ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን በተደረገው ጥናት ግን አንድ አዋቂ በአማካይ በቀን 8 ግራም ያህል ጨው እንደሚበላ ታውቋል። ከ100 አዋቂዎች ወደ 16ቱ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ሙያ እንምጣ። በብዙ የወጪ መዝገብ ላይ ዘይት፣ ዱቄት፣ ሽንኩርት ለየብቻቸው ይጻፋሉ። ጨው ግን «ልዩ ልዩ» በሚለው ውስጥ ይገባል። ለምን ቢባል ርካሽ ስለሆነ ነው። ርካሽ ነገር አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ ሲበዛ አይታይም። የድሮ ሰዎች በዚህ ይበልጡናል፤ አሞሌ ገንዘብ በነበረበት ዘመን ጨው ሳይቆጥር የሚበትን ሰው አልነበረም።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። አንድ ኪሎ ጨው ስትከፍቱ ቀኑን በእስክሪብቶ ከረጢቱ ላይ ጻፉበት። መጻፍ የማትችል እህት በየማታው አንድ ጠጠር ጣሳ ውስጥ ትጣል፤ ጨው ሲያልቅ ጠጠሩን እንቆጥርላታለን። ስድስት ሰው ባለበት ቤት በቀን 5 ግራም ለእያንዳንዱ ቢታሰብ 30 ግራም ይሆናል፤ አንድ ኪሎው 33 ቀን ይቆያል ማለት ነው። በ15 ቀን ካለቀ ግን ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 11 ግራም ደርሷል። እንግዳ ይመጣል፣ ጎረቤት ይበደራል፣ ይደፋል፤ ሂሳቡ ልክ በልክ አይሆንም። ቢሆንም «ጨው አላበዛም» ከሚል ግምት ይሻላል።

ከረጢቱ የማይነግረን ሌላ ጨው ደግሞ አለ። ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ከዚያ ወጡ ላይ ሌላ እንጨምራለን። ዳቦው፣ በየሱቁ የሚሸጠው የወጥ ማጣፈጫ፣ በጨው የደረቀ ዓሣ፣ በጨው የሚጠጣው ቡና ሁሉ ይደመራሉ። አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ እንደመመዝገብ ነው።

«እዚህ ሙቀት ነው፣ ላባችን ጨው ያወጣል፣ መተካት አለብን» የምትሉ አላችሁ። የኦሞራቴን ሙቀት ማን ይክዳል! ነገር ግን ሙቀት የለመደ ሰውነት በላቡ የሚያወጣውን ጨው ይቀንሳል። ለአብዛኞቻችን በዕለት ምግባችን ውስጥ ያለው ይበቃል፤ በሙቀት በዋናነት የሚያስፈልገን ውሃ ነው።

ከዳሰነች መንደሮች ወደ ከተማ የገባችሁ እህቶቻችን፣ ይህ ከሁሉም ይልቅ እናንተን ይመለከታል። በወተትና በማሽላ ያደገ ሰው ከተማ ሲገባ ምግቡ ይለወጣል። በኬንያ ከገጠር ወደ ናይሮቢ የፈለሱ የሉኦ ሰዎችን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት አለ። ከተማ በገቡ በወራት ውስጥ የደም ግፊታቸው ገጠር ከቀሩት በልጦ ተገኘ፤ ሽንታቸው ሲመረመርም ከፖታሲየም አንጻር ሶዲየሙ በዝቶ ነበር። ሶዲየም ማለት ግፊት የሚጨምረው የጨው ክፍል ነው። ከድንበር ማዶ ባሉት ጎረቤቶቻችን በቱርካናዎች ላይ የተሠራውና በ2020 የወጣው ጥናትም ከተማ የገቡት የልብና የደም ሥር ጤና ከአርብቶ አደሮቹ የከፋ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱ ጨው ብቻ ነው አንልም፤ ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ መቀመጡም አለበት። ጨው ግን በራሳችን እጅ የሚለካ ነው። ፖታሲየም ከፈለጋችሁ ከጂንካ በኩል የሚመጣው ሙዝ፣ የሽፈራው ቅጠልና ባቄላ አለ። የኩላሊት ሕመም ያለባት ግን ሐኪሟን ትጠይቅ።

ጨው ቀንሱ ስንል አዮዲን ያለውን ትታችሁ ሌላ ግዙ ማለታችን አይደለም። እንቅርትን የሚከላከልልን አዮዲኑ ነው። መጠኑን ቀንሱ፣ ዕቃውን ክደኑ፣ ወጡም ሊወጣ ሲል ጨምሩ። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ የሚሰጠውን ኦ አር ኤስ «ጨው አለበት» ብላችሁ እንዳትከለክሉት፤ ያ ነፍስ አድን ነው። ነፍሰ ጡር እህቶችም በእርግዝና የሚመጣ ግፊት ጨው በመቀነስ አይመለስምና ክትትላችሁን አታቋርጡ። ክኒን የታዘዘላችሁም ጨው ስለቀነሳችሁ ክኒኑን አትተዉ።

በማህበራችን ምግብ ቤት ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጨው ከ«ልዩ ልዩ» ወጥቶ የራሱ መስመር ይኖረዋል። የጨው ዕቃው ከጠረጴዛ ላይ ይነሳና የፈለገ ደንበኛ ይጠይቅ። «አልጫ አበላችሁን» የሚል አይጠፋም። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል፤ እስከዚያ ሚጥሚጣና ሎሚ እናቀርባለን፤ ሚጥሚጣውንም ያለ ጨው እናስፈጫለን። በሚቀጥለው ስብሰባ ከረጢቶቻችሁንና ጠጠሮቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ማካፈሉን አብረን እንሠራለን።