ያልተለጠፈው መፈክር



ከማደሪያችን በር ላይ ዘውድ የተሳለበት ቀይ ወረቀት ተለጥፏል። «ተረጋጉና አጥኑ» ይላል። አንብበን፥ ስቀን እናልፋለን እንጂ ከየት እንደመጣ ጠይቀን አናውቅም።

ቃሉ የጦርነት ቃል ነበር። በ1939 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሊፈነዳ ሲል የእንግሊዝ መንግሥት ከተሞቹ በአውሮፕላን ይደበደባሉ ብሎ ስለ ፈራ፥ ሕዝቡን የሚያጽናኑ ሦስት መፈክሮች አዘጋጀ። አንዱ «ተረጋጉና ሥራችሁን ቀጥሉ» የሚለው ሲሆን፥ 2 ሚሊዮን ተኩል ያህል ታተመ። ዳሩ ግን ለክፉ ቀን ይቆይ ተብሎ ተቀመጠና፥ በ1940 ወረቀት ሲያጥር አብዛኛው ተፈጨ።

ከተለጠፉት ከወንድሞቹ አንዱስ ምን ደረሰበት? «የእናንተ ጀግንነት፥ የእናንተ ደስተኛነት፥ የእናንተ ቆራጥነት ለእኛ ድል ያመጣል» የሚል ነበር። ይኸውም፥ መከራው ለሕዝብ፥ ድሉ ለሹማምንት ነው ወይ የሚል ቅሬታ አስነሣ። እኛም ብንሆን እንጠይቅ ነበር!

በመጋዘን የቀረው ግን ከወቀሳው ዳነ። በ2000 እ.ኤ.አ. አኒክ በምትባል የሰሜን እንግሊዝ ከተማ፥ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች በጨረታ ከገዙት ሣጥን ውስጥ አንድ ቅጂ አገኙ። ከዚያ ወዲህ በስኒው፥ በካናቴራው ላይ «ተረጋጉና ሻይ ጠጡ» እየተባለ ዓለምን ዞረ። በእኛ አስተያየት፥ ያስወደደው በዚያ ዘመን ማንንም አዝዞ አለማወቁ ነው።

በራችን ላይ የጻፈው ጓደኛችንም የመጨረሻውን ቃል ለውጧል፤ ዘውዱንና ትእዛዙን ግን እንዳሉ ትቷቸዋል።