ተኝቶ መታከምና አምኖ መታከም

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ያደረግነው ንግግር)



የሕክምና ተማሪዎች ስለ ኦፕራሲዮን ሊናገሩ ነው ሲባል ከምሳ በኋላ የሚመጣው ሰው ጥቂት እንደሚሆን እናውቃለን። ስለዚህ ለመጣችሁት ምስጋናችን የበዛ ነው፤ ንግግራችንንም አናስረዝምም። የምንነግራችሁ ስለ አንዲት እናትና ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉም «ይተኛሉ» የሚለው ነው።

ለትምህርታችን ስንል በአንድ ሆስፒታል የኦፕራሲዮን ክፍል ጥግ ላይ ቆመን እንመለከት በነበረበት ጊዜ፥ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸው አንዲት አረጋዊት ከልጃቸው ጋር ከገጠር መጡ። በዓይናቸው ዙሪያ የሚያደነዝዝ መርፌ ተወጉ፤ ፍርሃታቸው እንዲበርድም በክንዳቸው የደም ሥር ጥቂት የሚያረጋጋ መድኃኒት ተሰጣቸው። ከዚያ በፊት የተነገራቸው ነገር ቢኖር «አይዞዎት እናቴ፥ ይተኛሉ፤ ምንም አያውቁም» የሚል ብቻ ነበር። ይህን የተናገረው ሰው ሊያጽናናቸው ብሎ ነው እንጂ ክፉ አስቦ አይደለም። ነገር ግን ሥራው እኩሌታ ላይ ሲደርስ እናታችን ድምፅ ሰሙ። ብርሃንና ቀለም ሲንቀሳቀስ አዩ። ሐኪሞቹም እርስ በርሳቸው በእንግሊዝኛ ይነጋገሩ ነበር። «ነቃሁ እኮ! መድኃኒቱ አልያዘኝም!» ብለው ጮኹና እጃቸውን ወደ ዓይናቸው ሰደዱ። አስታማሚዋ ፈጥና እጃቸውን ባትይዝ ኖሮ ምን ሊደርስ ይችል እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

ኦፕራሲዮኑ በደኅና ተፈጸመ። በማግሥቱ ፋሻው ሲፈታ የልጃቸውን ፊት አዩ፤ እልልም አሉ። ለሁለተኛው ዓይን ቀጠሮ ይያዝልዎ ሲባሉ ግን «አንዱ ይበቃኛል፤ ዳግመኛ ከነሕይወቴ አልታረድም» ብለው ወደ አገራቸው ሄዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገር። መድኃኒቱ ይዟቸው ነበር፤ የታሰበለትንም ሥራ ሠርቷል። ከመጀመሪያውም ጨርሶ እንዲያስተኛቸው የተሰጠ አልነበረም። ይህንንም እኛ በዚያው ሰሞን በክፍል ውስጥ ተምረነዋል። «ምንም አያውቁም» ሲባሉ ሰምተን ዝም አልን። ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነውም ስለዚሁ ዝምታ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ፤ ዓመታቱን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ1846 ዓ.ም. ዊልያም ሞርተን በቦስተን ከተማ በሐኪሞች ፊት አንድ ሕመምተኛ በኤተር አስተኝቶ ከአንገቱ ላይ ዕብጠት እንዲወጣለት አደረገ። በ1884 ዓ.ም. ደግሞ ካርል ኮለር የተባለ የ26 ዓመት የቪየና ሐኪም ኮኬይን ዓይንን እንደሚያደነዝዝ አስረዳ። የመጀመሪያው መንገድ ሰውየውን በሙሉ ማስተኛት ነው፤ ሁለተኛው የሚነካውን አካል ብቻ ማደንዘዝ ነው። ዛሬ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ። የሚነካው አካል ይደነዝዛል፤ ሕመምተኛው በጥቂት መድኃኒት ይረጋጋል ወይም ያንቀላፋል፤ የማደንዘዣ ባለሙያም ከራስጌው ሆኖ ትንፋሹን፥ የልቡን ምትና የደሙን ግፊት እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። እኛ ለንግግራችን እንዲመች «ጠባቂ ያለው ሰመመን» ብለነዋል።

ሰመመንም እንደ መሰላል ነው። የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር በ1999 ዓ.ም. ባወጣው ድልድል አራት እርከን አለው። በመጀመሪያው ሰውየው ይረጋጋል እንጂ እንደ ወትሮው ይነጋገራል። በሁለተኛው ያንቀላፋል፤ ሲጠሩት ወይም ቀስ ብለው ሲነኩት ግን ይመልሳል። በሦስተኛው ደጋግመው ካልነቀነቁት ወይም ካላሳመሙት አይመልስም፤ ትንፋሹም ሊያንስ ይችላል። አራተኛው ሙሉ ማደንዘዣ ነው። ከአንዱ እርከን ወደሚቀጥለው መንሸራተት ቀላል ነው፤ ለአንዱ ጥቂት የሆነው መጠን ለሌላው፥ ይልቁንም ለአረጋዊ፥ ብዙ ይሆናል።

ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ለምን ጠለቅ አድርገው አያስተኟቸውም?» ትሉ ይሆናል። መልሱ ትንፋሽ ነው። በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ አንድ ምርመራ፥ በዚህ ዓይነት ሰመመን ጊዜ ጉዳት ደረሰ ተብሎ የቀረቡ 121 የካሳ አቤቱታዎችን ተመለከተ። ከመቶው ከ40 የሚበልጡት ስለ ሞት ወይም ስለማይድን የአንጎል ጉዳት የቀረቡ ነበሩ፤ ከምክንያቶቹም ዋነኛው መድኃኒቱ በዝቶ ትንፋሽ መድከሙ ነበር። እርግጥ እነዚህ አቤቱታ የቀረበባቸው ብቻ ናቸው እንጂ ሰመመን የወሰደ ሁሉ አይደለም። ቢሆንም «ቀላል ማደንዘዣ» እያልን እንዳንዘናጋ ያስጠነቅቁናል። ፕሮፖፎል የተባለው እንደ ወተት የነጣ መድኃኒት ፈጥኖ ያስተኛል፤ ማርከሻ ግን የለውም። በ2009 ዓ.ም. ዘፋኙ ማይክል ጃክሰን የሞተው ይኸው መድኃኒት በመኖሪያ ቤቱ ተሰጥቶት ነው። ጃፓናዊው ታኩኦ አኦያጊ በ1974 ዓ.ም. መሠረቱን የጣለለት፥ በጣት ላይ ተደርጎ የደምን ኦክሲጅን በብርሃን የሚለካው መሣሪያም ትልቅ እርዳታ ነው፤ ነገር ግን ሕመምተኛው ተጨማሪ ኦክሲጅን እየወሰደ ከሆነ ትንፋሹ ቢቆምም ቁጥሩ ቶሎ አይወርድም። ስለዚህ ደረት ሲነሣና ሲወርድ የሚያይ ዓይን ምንጊዜም ያስፈልጋል።

እንግዲህ በእንቅልፍ መጥለቅ ካልሆነ ሕመምተኛን ደስ የሚያሰኘው ምንድን ነው? በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ሊቃውንት ይህንኑ ለመለካት 11 ዐረፍተ ነገር ያለው መጠይቅ አዘጋጁ። ስለ ሕመም፥ ስለ ማቅለሽለሽ፥ ስለ ማሳከክ፥ ስለ ብርድና ሙቀት ይጠይቃል፤ ሰውየው ያለ ሥጋት ቆይቶ እንደሆነና ዳግመኛም ያንኑ ማደንዘዣ ይወስድ እንደሆነ ይጠይቃል። ምን ያህል ጠልቆ እንደ ተኛ ግን አይጠይቅም። ዳግመኛ ይወስዱ እንደሆነ እናታችንን ብንጠይቃቸው መልሳቸውን ሰምታችኋል።

በ2014 ዓ.ም. በብሪታንያና በአየርላንድ የወጣው ትልቅ ምርመራ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። መርማሪዎቹ ይፈልጉ የነበሩት በሙሉ ማደንዘዣ ተኝተው ሳለ የነቁ ሰዎችን ነበር። ከቀረቡላቸው አቤቱታዎች አንድ አምስተኛው ያህል ግን ሰመመን ብቻ ከወሰዱ ሰዎች የመጣ ነበር። ጨርሶ እንዲተኛ ያልታሰበ ሰው «ነቃሁ» ብሎ አቤት አለ ማለት ነው። መርማሪዎቹም ጉድለቱን ያገኙት ከመድኃኒቱ ይልቅ ከንግግሩ ላይ ነው።

«እውነቱን ብንነግራቸው ይፈራሉ» የሚል ክርክር ሰምተናል። እናታችን ግን የፈሩት ያልተነገራቸውን ነው። እንዲህ ብንላቸው ኖሮ ምን ይጎድል ነበር? «እናቴ፥ ዓይንዎ ይደነዝዛል እንጂ ጨርሰው አይተኙም። ድምፅ ይሰሙ ይሆናል፤ ብርሃንም ያዩ ይሆናል፤ ይህ መድኃኒቱ እንቢ ብሎ አይደለም። ካመመዎት ይንገሩን፥ እንጨምርልዎታለን። እጅዎን ግን አያንሡ። እኔ ከአጠገብዎ አልለይም።» ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከውጭ አገር የሚገዛ ዕቃም አያስፈልገውም። በ2001 ዓ.ም. የታተመ የኮሪያ ጥናት፥ በዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን ጊዜ እጃቸው የተያዘላቸው ሕመምተኞች ፍርሃታቸው እንደ ቀነሰ ይገልጻል። አስታማሚዋ የእናታችንን እጅ የያዘችው ከጩኸቱ በኋላ ነው፤ ከጩኸቱ በፊት ቢሆን ኖሮ እንዴት መልካም ነበር!

ይህን ስንል መድኃኒት ይቅር ማለታችን አይደለም። የሚያመው ሰው ሊጨመርለት ይገባል፤ ጸጥ ብሎ መተኛት ለማይችል፥ ለሕፃንም፥ ሙሉ ማደንዘዣ ተገቢ ነው። ቃል የመድኃኒት ምትክ አይሆንም፤ መድኃኒትም የቃል ምትክ አይሆንም ማለታችን ነው።

ጉዳዩ የአንዲት እናት ብቻ አይደለም። በ2005ና በ2006 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ ጥናት፥ ከዓይነ ስውርነት ግማሹ ያህል ከዓይን ሞራ የመጣ መሆኑ ታውቋል። ይህም በኦፕራሲዮን የሚድን ነው። እናታችን መንደራቸው ገብተው የሚያወሩት ግን ስለ ዓይናቸው መብራት ብቻ አይመስለንም። «ከነሕይወቴ አረዱኝ» የሚለውን የሰማ ጎረቤት በጨለማ መቀመጥን ይመርጥ ይሆናል።

ስለዚህ የሕግ፥ የምህንድስና፥ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሆናችሁ ጓደኞቻችን ሆይ፥ ነገ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ሆስፒታል ስትወስዱ «ጨርሰው ይተኛሉ ወይስ ያንቀላፋሉ? ከራስጌያቸው የሚጠብቃቸው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። እኛ የሕክምና ተማሪዎችም ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ቢሆን፥ በሕመምተኛው ራስ ላይ ግን በሚሰማው ቋንቋ እንናገር፤ ዓይኑን ብንሸፍነውም ጆሮው ክፍት ነውና።

ለእናታችን በልጃቸው በኩል ይቅርታ ልከናል፤ ያን ጊዜ ልንላቸው የሚገባንንም አሁን ብለናቸዋል። መልሳቸው ገና አልመጣም። ሁለተኛው ዓይናቸው እንደ ተጋረደ ነው።