ሰው ጥሎ ቤት አይገባም

(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለሃምሳ አለቃ መታሰቢያ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባላት ሲባል በሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



እንደምታውቁት እኔ ሰው ፊት ቆሞ የመናገር ልማድ የለኝም። ኮሚቴው «ስለ ሃምሳ አለቃ ጥቂት ተናገር» ሲለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። በኋላ ግን ሳስበው በዚህ ሰፈር ከእኔ የበለጠ የሳቸው ዕዳ ያለበት ሰው ስለሌለ ዝም ማለቱ ነውር መሰለኝ። ዕዳው ምን እንደ ሆነ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ሃምሳ አለቃ ያረፉት በ2017 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ነው። አርባቸውም ወጥቷል። የክርስትና ስማቸውን የሰማነው ብዙዎቻችን በቀብሩ ዕለት ነው። በሰፈሩ «ሃምሳ አለቃ» ከተባለ ሌላ ሰው አይመጣም ነበርና።

የተወለዱት በ1923 ዓ.ም. ቡልጋ ውስጥ ነው። አባታቸው በ1928 ዓ.ም. ወደ ማይጨው ዘምተው እዚያው ቀሩ። አስከሬናቸው አልመጣም፤ መቃብራቸውም አልታወቀም። እናታቸው ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ማታ ማታ በሩን ቶሎ አይቀረቅሩም ነበር አሉ። «ምናልባት ይመጣ ይሆናል» እያሉ ነዋ! ይህን ያጫወቱኝ ራሳቸው ሃምሳ አለቃ ናቸው። ነገሩን ልብ በሉልኝ፤ የሳቸው ጠባይ ሁሉ የተነሣው ከዚያች በር ይመስለኛል።

ጎልማሳ ሲሆኑ አዲስ አበባ መጥተው በክብር ዘበኛ ተቀጠሩ። በ1945 ዓ.ም. ከሦስተኛው የቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘመቱ። እዚህ ወጣቶች ስላላችሁ ትንሽ ላስረዳ። በሰኔ 1942 ዓ.ም. ሰሜን ኮሪያ ደቡቡን ስትወር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች እንዲረዱ ጠየቀ። ኢትዮጵያ ራሷ በፋሽስት ተወርራ፥ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ብላ ሰሚ ያጣች አገር ነበረች። ስለዚህ የተወረረ አገር ብቻውን መተው የለበትም ብላ ከክብር ዘበኛ መርጣ ጦር ላከች። ቃኘው የሚለው ስም የተወሰደው ከራስ መኰንን የፈረስ ስም፥ ከ«አባ ቃኘው» ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ ሄደ። ጦርነቱ በሐምሌ 1945 ዓ.ም. በተኩስ ማቆም ስምምነት እስኪቆም ድረስ ሦስት ሻለቆች እየተተካኩ ተዋጉ። ከ3,000 በላይ ሰው ዘምቶ ከ120 በላይ ሞተ፤ ከ500 በላይ ቆሰለ። የተማረከ ግን አንድም ሰው የለም። የወደቁትም አስከሬናቸው አገሩ ገብቷል። አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው መጽሐፉ የእነዚህን ኢትዮጵያውያን ውጊያ በታላቅ አድናቆት ጽፎታል።

ሃምሳ አለቃ ግን ስለ ጀግንነት ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ አንድ ጎረምሳ «አባባ፥ ኮሪያ ስንት ገደሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። «እሱን ተወውና ስንት ሆናችሁ ወጥታችሁ ስንት ሆናችሁ ገባችሁ በለኝ» አሉት። ሌሊት ለቅኝት ሲወጡ ሰው ይቆጠራል፤ ሲመለሱም ይቆጠራል። ቁጥሩ ካልሞላ የቆሰለውንም የሞተውንም ፍለጋ ተመልሶ መሄድ ነው። «ሰው ጥሎ ቤት አይገባም» ይሉ ነበር። ከተኩስ ማቆሙ በኋላም የቃኘው ወታደሮች በዶንግዱቾን ከተማ ወላጅ ላጡ የኮሪያ ሕፃናት ማሳደጊያ አቁመው ይረዱ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ሃምሳ አለቃ ስለ ኮሪያ ሲያወሩ ከጦርነቱ ይልቅ የእነዚያን ልጆች ነገር ነበር የሚያነሡት። በብርዱ ምክንያት ሕፃን በካፖርታቸው ውስጥ አቅፈው መዞራቸውን ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ ያቀር ነበር።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ ጦሩ ሲበተን እሳቸውም ከወታደርነቱ ወጡ። ያን ጊዜ ባለቤታቸውና ሁለት ልጆች ነበሯቸው። አኩርፈው አልተቀመጡም፤ አናጢነት ተማሩ። ዛሬ የተቀመጣችሁባቸው የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች የሳቸው ሥራ ናቸው። አቅም ለሌለው ቤተሰብ የሬሳ ሳጥን ሠርተው የጣውላውን ዋጋ እንኳ ሳይቀበሉ የሄዱበትን ጊዜ ትልልቆቻችሁ ታስታውሳላችሁ።

ልጆቻቸው ሰባት ናቸው። በዚያች ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት፥ ማታ ራት ከተበላ በኋላ ሃምሳ አለቃ በር ላይ ቆመው ልጆቹን በጣት ይቆጥሩ ነበር። «አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት...» ሰባት ካልሞላ በሩ አይቀረቀርም። እኛ የጎረቤት ልጆች በአጥር ቀዳዳ እያየን እንስቅ ነበር። ደመወዝ ሲቀበሉ መጀመሪያ ለእማማ፥ ቀጥሎ ለትምህርት ቤት፥ የተረፈ ካለ ለሳቸው ጫማ ነበር። ጫማውም ብዙ ጊዜ አይተርፈውም።

አሁን ወደ ዕዳዬ ልምጣ።

በ1969 ዓ.ም. እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጊዜው ምን ይመስል እንደ ነበር ለትልልቆቹ አልነግራችሁም፤ ለወጣቶቹም ቢነገር አያልቅም። የኮሪያ ዘማች መሆን እንደ ወንጀል የሚታይበት ጊዜ መጣ። ደርግ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ስለ ሆነ የኮሪያ ዘማቾች ሜዳያቸውን የሚደብቁበት ዘመን ሆነ። ሃምሳ አለቃም ሜዳያቸውን በጥጥ ጠቅልለው፥ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ከተው ከአልጋቸው ሥር ቀበሩት። እኔም ያን ጊዜ በሰፈሩ ለሚወጣው የግድግዳ ጋዜጣ ጸሐፊ ነበርኩና ስለሳቸው ጻፍኩ። «የኢምፔሪያሊስት ቅጥረኛ፥ አድኃሪ» ብዬ ነው የጻፍኩት። ማንም አላስገደደኝም። እንዲህ ብጽፍ የሚያጨበጭብልኝ ሰው ስላለ ብቻ ነው። ወረቀቱ በሰሌዳ ላይ ሁለት ሳምንት ተለጥፎ ከረመ። ሃምሳ አለቃ በዚያ በኩል እያለፉ ወደ ሥራ ይሄዱ ነበር።

በዓመቱ እናቴ በሌሊት በድንገት ታመመች። ሰዓት እላፊ ነው። ውጭ የተገኘ ሰው ይተኮስበታል። አባቴ ሞቷል፤ እኔ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ ጎረቤት እየሰማ በር የሚከፍት ጠፋ። የከፈቱት ሃምሳ አለቃ ናቸው። «አንተ ልጅ፥ ቃሬዛውን ያዝ» አሉኝ። ከበኩር ልጃቸው ጋር ተሸክመናት ወጣን። እሳቸው ፋኖስ ይዘው ከፊት ሄዱ። መንታ መንገዱ ላይ «ቁም! ማነህ?» የሚል ድምፅ ሲመጣ ፋኖሱን ወደ ፊታቸው አስጠግተው «በሽተኛ ይዘናል፤ ልጆቼ፥ አሳልፉን» አሉ። ጠባቂዎቹ ጥቂት ተነጋግረው አሳለፉን። በኋላ «ለምን ፋኖሱን ወደ ፊትዎ አስጠጉ?» ብዬ ስጠይቃቸው «ጨለማ ውስጥ ሰው የሚተኩሰው ፊቱ በማይታየው ላይ ነው» አሉኝ።

እናቴ ዳነች። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። እነዚያን አሥራ አንድ ዓመታት የሰጡኝ በሰሌዳ ላይ ስማቸውን ያጠፋሁት ሰው ናቸው።

ብዙ ዓመት ሳልናገር ቆየሁ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሜዳዩን ቆፍረው ሲያወጡ እንድረዳቸው ጠሩኝ። ቆርቆሮው ዝጎ ነበር፤ ሜዳዩ ግን ደኅና ነው። ያን ጊዜ አላስችል ብሎኝ «ሃምሳ አለቃ፥ ያን ጊዜ የጻፍኩትን አንብበውት ነበር?» አልኳቸው። ሜዳዩን በጨርቅ እየወለወሉ «አንብቤዋለሁ እንጂ» አሉ። «ታዲያ ምን አሉ?» ብላቸው «ቃኘው በ‹ኘ› ነው የሚጻፈው፤ አንተ ‹ቃነው› ብለህ ነበር የጻፍከው። ላርመው ብዬ እርሳስ አልያዝኩም» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ሳቅሁም፥ አለቀስሁም።

ይሁን እንጂ ሃምሳ አለቃ ራሳቸው ሙሉ ሆኖ ያልገባላቸው ቁጥር ነበራቸው። አምስተኛው ልጃቸው በብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ዘመተ። በ1980 ዓ.ም. ከአፍአበት ውጊያ በኋላ ደብዳቤው ቀረ። መርዶው የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ አስከሬን የለም፥ መቃብር የለም። የአባታቸው ነገር በልጃቸው ደረሰ። እማማ እንደ ነገሩኝ ሃምሳ አለቃ ልጆቹ ሁሉ ትዳር ይዘው ከወጡ በኋላም፥ ሽምግልና ከገባም በኋላ፥ ማታ በሩን ሳይቀረቅሩ በፊት ቆመው በልባቸው ይቆጥሩ ነበር። አምስት ላይ ሲደርሱ ትንሽ ይቆማሉ። አይዘሉትም። ከዚያ ሰባት ብለው ይጨርሳሉ።

ወገኖቼ፥ ንግግሬን ላሳጥር። እኛም እድርተኞች እንቆጥራለን። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ይህ ደንባችን ነው፤ ክፋት የለውም። ግን ልብ ብላችሁ ከሆነ የምንቆጥረው ለመቀጮ ነው። ሃምሳ አለቃ የሚቆጥሩት ማን ጎደለ፥ ሄጄ ላምጣው ለማለት ነበር። ልዩነቱ ይህ ነው። ከሞትን በኋላ ድንኳን የሚተክልልን እድር አለን፤ በሕይወት ሳለን ማን እንደ ጎደለ የሚያይልን ግን ማን ነው?

ስለዚህ ለኮሚቴው ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ እማማ አሁን በዚያች ቤት ብቻቸውን ናቸው። ልጆቻቸው ራቅ ብለው ነው የሚኖሩት፤ አንዷም ውጭ አገር ናት። በየተራ ማታ ማታ በራቸውን ሳይቀረቅሩ የሚጠይቃቸው ሰው ይመደብ። የመጀመሪያውን ሳምንት እኔ እወስዳለሁ። ሁለተኛ፥ የወር መዋጮ ስንሰበስብ ያልመጣውን አዛውንት «መቀጮ ጻፍበት» ከማለታችን በፊት አንድ ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ደኅንነቱን ይጠይቅ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ እግር ብቻ ነው የሚጠይቀው።

በመጨረሻም፥ ይህ ንግግር በሰሌዳው ላይ እንዲወጣ ኮሚቴውን ለምኛለሁ። ያን ጊዜ በሰሌዳ ላይ በክፉ ጽፌአቸው ነበር፤ ዛሬም በሰሌዳ ላይ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። ቃኘውንም በ«ኘ» ጽፌዋለሁ።

ነፍሳቸውን ይማር። ለእማማና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን።