የባትሪው ልስን
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በሐርጌሳ ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 ዛድን ከጀመረ ወዲህ የሻይ ሒሳብ እንኳ በስልክ ይከፈላል። ባትሪው አለቀ ማለት ኪሳችን ባዶ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የባትሪ ነገር ለእኛ የቅንጦት ወሬ አይደለም።

ስልክ ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ የሚያድረው በአብዛኛው ግራፋይት ውስጥ ነው። አንድ ግራም ግራፋይት 372 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ይይዛል። ሲሊከን ግን ወደ 3,579 ይደርሳል፤ ዐሥር እጥፍ መሆኑ ነው! በዚያ ላይ በየአሸዋው ውስጥ ሞልቶ የተረፈ ነገር ነው። ታዲያ ለምን ቶሎ አልተተካም?

ችግሩ እብጠት ነው። ሲሊከን ሊቲየም ሲሞላ መጠኑ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ ሲለቅ ደግሞ መልሶ ይሟሽሻል። የጭቃ ቤት የሠራ ሰው ነገሩ ይገባዋል፦ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ልስኑ ይሰነጠቃል። የሲሊከን ልስን የባትሪው ፈሳሽ በመጀመሪያው ቻርጅ በከፊል ሲፈርስ በላዩ የሚሠራው ስስ ቆዳ ነው። ሊቲየምን ያሳልፋል፤ ፈሳሹን ከተጨማሪ መፍረስ ይጠብቃል። በተሰነጠቀ ቁጥር ግን እንደገና ይለሰናል፤ ለዚያም ሊቲየሙና ፈሳሹ ያልቃሉ። ባትሪው በአጭር የሚቀጨው በዚህ ነው።

አንዳንድ ወላጆች “ኬሚስትሪ የት ያደርሳል?” ሲሉ እንሰማለን። በዚሁ ጉዳይ ከሚመራመሩት ሊቃውንት አንዱ የአገራችን ልጅ ዶ/ር ገብረኪዳን ገብረሥላሴ እሸቱ ናቸው፤ በመቐለ ዩኒቨርሲቲና በጀርመኑ የአኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ስም ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከኤግበርት ፊገማየር ጋር ያሳተሙት ጽሑፍ ሁለት መፍትሔዎችን ይመረምራል። አንደኛው በፈሳሹ ላይ የሚጨመር ቅመም ነው። ከእነዚህ አንዱ ፍሎሪን ያለበት ሲሆን ከሌላው ፈሳሽ ቀድሞ ይፈርስና የተሻለ ቆዳ ይሠራል። ሁለተኛው የሲሊከኑን ቅንጣቶች አያይዞ የሚይዝ ማጣበቂያ ነው፤ በጭቃው ውስጥ እንዳለው ጭድ ማለት ነው። ከማጣበቂያዎቹ አንዱ ከእንጨትና ከጥጥ ሴሉሎስ የሚሠራ መሆኑ እኛን በጣም አስገርሞናል።

የቻይናው ኦነር እ.ኤ.አ. በ2023 የሲሊከንና ካርቦን ባትሪ ያለው ስልክ ለገበያ አቅርቧል፤ ሌሎችም ተከትለዋል። ሻጩ “የሲሊከን ባትሪ ነው” ቢላችሁ ግን ከካርቦን ጋር የተደባለቀ መሆኑን አትርሱ። ዐሥር እጥፍ ይቆያል ካለ ደግሞ ዋጋውን አስቀንሱት!

ጥያቄ ያላችሁ ልጆች፣ ከቡናው በኋላ እዚሁ አለን።